አማቴ፣ እኔና ግድግዳው ውስጥ የነበሩት ንቦች

ቤት አድሶ የሚያውቅ ሰው የሚያወራው አያጣም። አንዱ ግንበኛው ሥራውን ጥሎ የጠፋበትን፣ ሌላው ጣሪያው በተነሳ ማግስት ዝናብ የወረደበትን ይነግራችኋል። የኔ ግን ለየት ይላል። እኔ ገና ውሃ ባልገባለት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከአማቴ ጋር ተዘግቶብኝ የዋልኩ ሰው ነኝ። ስትሰሙት ሊያስቃችሁ ይችላል፤ እኛም ዛሬ ሲወራ እንስቃለን። ያን ዕለት ግን፣ ቢያንስ እስከ ከሰዓት ድረስ፣ የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

በመጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ዘሪሁን ነው። ሥራዬ የሊፍት ጥገና ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥ ከፎቅ ፎቅ ስዞር እውላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት መርካቶ ጠባብ የኪራይ ቤት ውስጥ ስለሆነ ላም የማውቀው ከወተቷ ብቻ ነበር። ሌንሴን አግብቼ አስኮ ተከራይተን ስንኖር ልጃችን ሃዊ ተወለደች። ብዙም ሳይቆይ የሌንሴ አባት አረፉና እናቷ ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ትልቅ ቤት ብቻቸውን ቀሩ። የሌንሴ ወንድሞች ሩቅ አገር ናቸው፤ ስለዚህ ዕቃችንን ጭነን እሳቸው ዘንድ ገባን። ጠዋት በሚኒባስ ወደ ከተማ፣ ማታ በሚኒባስ ወደ ቡራዩ ሆነ ኑሯችን።

ቤቱን ብታዩት ትወዱት ነበር። የሌንሴ አያት በጃንሆይ ዘመን ያሠሩት የጭቃ ቤት ነው። ምሰሶዎቹ የጥድ፣ ወለሉ ሳንቃ፣ የሳሎኑ ግድግዳም ከውስጥ በኩል በሳንቃ የተለበጠ ነው። ፊት ለፊት ሰፊ በረንዳ አለው፤ ከበረንዳው ክፈፍ ሥር የዚያን ዘመን አናጢ እንደ ዳንቴል የፈለፈለው እንጨት ዙሪያውን ይዞራል። መልኩ እንዲህ ያምር እንጂ ሲኖሩበት ያስመርር ነበር። መስኮቶቹ ትናንሽ ስለሆኑ በቀትርም መብራት እናበራለን። ማዕድ ቤቱ ግቢው ጥግ፣ ሽንት ቤቱ ደግሞ ከማዕድ ቤቱ ማዶ ነው። ክረምት ሲገባ ሃዊን በአንድ እጄ፣ ጃንጥላ በሌላው ይዤ በጭቃው ላይ ስንሸራተት ጎረቤት ያውቀኛል።

እኔና ሌንሴ ቤቱን ላናፈርስ ተስማማን። የፊቱን እንዳለ ትተን፣ ከኋላ በብሎኬት ማዕድ ቤት፣ መታጠቢያ ቤትና መኝታ ቤት ልንቀጥልበት፣ ከዚያም አሮጌውንና አዲሱን የሚለየውን ግድግዳ ከፍተን ሰፊ ሳሎን ልናወጣ አሰብን። ለአማቴ ደግሞ ጓሮ ውስጥ ለብቻው የሆነ፣ የራሱ ሽንት ቤት ያለው፣ ደረጃ የሌለው ጥሩ ክፍል አሰብንላቸው። ንድፉን ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ ክፍል በተለይ እኮራ ነበር።

አሁን ስለ አማቴ። ጎረቤቱ ሁሉ አዴ ብርቄ ይላቸዋል፤ አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። እኔ ግን ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም። በእነሱ ወግ አማች የአማቱን ስም አይጠራም፤ እሳቸውም የኔን አይጠሩም፤ "የሃዊ አባት" ነው የሚሉኝ። እኔ እሳቸውን አንቱ እላለሁ፤ እሳቸውም እኔን፣ ልጃቸው የምሆነውን ሰውዬ፣ አንቱ ይሉኛል። ከፊታቸው እህል አልቀምስም። እኔ በአንዱ በር ስገባ እሳቸው በሌላው ይወጣሉ። ጠብ የለንም፤ መከባበር ነው። ብቻ መከባበሩ ከመብዛቱ የተነሳ ለዓመታት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረን እኔና እሳቸው አንድ ሙሉ ወሬ አውርተን አናውቅም ነበር። ሁሉ ነገር የሚያልፈው በሌንሴ በኩል ነው። "እናቴ እንዲህ ትላለች"፣ "ዘሪሁን እንዲህ ይላል" ስትል ትውላለች።

ታዲያ ሌንሴ ንድፉን ዘርግታ ካስረዳቻቸው ቀን ጀምሮ አማቴ ተለወጡ። አልተቃወሙም። "ደግ ነው፣ እናንተ እንዳላችሁ" አሉና ተነሱ። ከዚያ ወዲህ ግን ሳሎን መቀመጥ ተዉ። ምሳቸውን ክፍላቸው ይበላሉ። የሠርግ ሣጥናቸውን ለእህታቸው ልጅ ሰጡ። ሥራው ሲጀመር አንድ ቃል ብቻ ነው የወጣቸው፤ መታጠቢያ ቤቱ የት እንደሚሆን ሲያዩ "ሽንት ቤትና እንጀራ በአንድ ጣሪያ ሥር?" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌንሴ ማታ ማታ ታለቅሳለች። እኔ የመሰለኝ ያሳዘናቸው የአሮጌው ቤት መነካት ነበር። በመጨረሻ ሥራው አልቆም እንዲህ ከቀጠሉ ወደ አስኮ ተመልሰን እንከራይ እስከ ማለት ደረስን። ልባችን በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው ያ ቅዳሜ የመጣው።

ሌንሴ ሃዊን ይዛ የወለል ሴራሚክ ልትመርጥ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። እኔ ከሠራተኞቹ ጋር ቀረሁ። የዕለቱ ሥራ ያንን በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለውን ግድግዳ መክፈት ነበር። ፎርማናችን ተስፋዬ ተጫዋች ሰው ነው። በዲጂኖ አንድ ሁለቴ ከመታ በኋላ ቆም አለና ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

"ይሄ ቤት ጄኔሬተር አለው እንዴ?" አለኝ።

እኔም ሄጄ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ከውስጥ ወፍራም፣ የማያቋርጥ ድምፅ ይሰማል። የሊፍት ሞተር ሲሠራ እንዲሁ ነው፤ ለኔ ጆሮ እንግዳ ድምፅ ስላልሆነ ሊሆን ይችላል ያልተጠራጠርኩት። የጎረቤት ወፍጮ ይሆናል ብዬ "ቀጥል" አልኩት። ተስፋዬ ዲጂኖውን ከማገሩ ሥር ከቶ ወደ ራሱ ሳበ። እንደ ጠረጴዛ የሰፋ ጭቃ ባንዴ ተገንጥሎ ወደቀ።

በጭቃው ግድግዳና በሳንቃው ልባጥ መካከል ባለው ክፍተት፣ ከላይ እስከ ታች፣ ወርቃማና ጥቁር የሆነ የማር እንጀራ ተደርድሯል። መቼም ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። አንዲት ቅጽበት ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ቆምን፤ እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ወዲያው ግድግዳው ራሱ ተነስቶ የሚበር መሰለ።

ተስፋዬና ሠራተኞቹ በቤቱ ጎን ወጥተው በአጥሩ ላይ ሲዘሉ ድምፃቸው ብቻ ነው የተሰማኝ። እኔ የቆምኩት ለጓሮው በር ቀርቤ ስለነበር ወደ ኋላ ሮጥኩ። የጓሮው በር ላይ አማቴ ባዶ ባልዲ ይዘው ቆመዋል፤ ላማቸውን ውሃ አጠጥተው መመለሳቸው ነበር። ምን እንደሆነ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። እጃቸውን ጨብጬ የማላውቅ ሰው ክንዳቸውን ያዝኩና እየጎተትኩ መጀመሪያ ወደተገኘው በር ከተትኳቸው፤ ተከትዬ ገብቼ ዘጋሁት። መታጠቢያ ቤቱ ነበር።

በግቢው ሁሉ በደንብ የሚገጥም በር ያለው እሱ ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት የተገጠመ የአሉሚኒየም በር፣ ዙሪያውን ጎማ ያለው። አብረውን የገቡትን ጥቂት ንቦች በጫማዬ ገደልኩ። ከውጭ የንቡ ድምፅ ጢም ብሏል፤ ትንሿ መስኮት መስታወት ላይ እንደ ጠጠር ጠብ ጠብ ይላሉ።

ክፍሉን አስቡት። ግድግዳው ገና አልተለሰነም። ጥግ ላይ የተጠቀለለ የግንባታ ላስቲክ አለ። መሐል ላይ ደግሞ የፋብሪካ ፕላስቲኩ ያልተነሳለት አዲስ የሽንት ቤት መቀመጫ ተተክሏል። ሌላ የሚቀመጡበት ነገር የለም። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስኩ፤ እሳቸውም ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። ይህን ያህል ተጠጋግተን ቆመን አናውቅም።

"እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ" አልኳቸው በመጨረሻ።

"ደህና ነኝ፣ አይጨነቁ" አሉኝ።

ስልኬ ጠራ። ከመንገዱ ማዶ የእህል ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን ሐጂ ከድር ናቸው። ንቡ መንገዱን ሞልቶታል፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቷል፣ ሠራተኞቹም እሳቸው መጋዘን ውስጥ ተደብቀዋል አሉኝ። ከሆለታ በኩል ንብ የሚያረቡ ዘመድ እንዳሏቸውና እንደሚጠሯቸው፣ ጀምበር ዘቅዘቅ እስክትል ግን ማንም ወደ ግቢው መጠጋት እንደማይችል ነገሩኝ። "ወላሂ፣ ንቅንቅ እንዳትሉ" ብለው ዘጉ።

ቀጥዬ ሌንሴ ጋ ደወልኩ። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥላ እናቷ የት እንዳሉ ጠየቀችኝ። አጠገቤ ናቸው አልኳት። አጠገብህ የት አለችኝ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ሁለታችን አልኩ። ከዚያ እየሳቀች መሆኑ ገባኝ፤ ሳቋን ሳትጨርስ ስልኩ ተቋረጠ። አማቴ ሰምተዋል፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ከጎን አየኋቸው። ትንሽ ቆይተው በጣም ቀስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከኔ አሽሽተው፣ ያንን መቀመጫ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ተቀመጡበት።

ነገሩ በዚሁ ቢያልፍ ኖሮ ምናልባት እስከ ማታ አንድ ቃል ሳንነጋገር እንውል ነበር። ላሟ ግን ጮኸች።

ዳለቻ ትባላለች፤ ግራጫ ላም ናት። ጓሮው ጫፍ ላይ ካለው ባሕር ዛፍ ጋር ትታሰራለች። መጀመሪያ አንዴ አገሳች። ቀጥሎ ድምፅዋ ተለወጠ፤ መሬቱን ስትደቃ ይሰማናል። አማቴ ብድግ አሉ።

"ሳዓ ኮ!" አሉ፤ ላሜን ማለታቸው ነው። እጃቸው በሩ እጀታ ላይ ነበር።

በሩ ፊት ቆምኩ። እንዳይወጡ ለመንኳቸው። የታሰረ ከብት ንብ ከተነሳበት አይተርፍም፣ አባቴ ግቢ እንዲህ ሆኖ በሬ ሲሞት አይቻለሁ አሉኝ። ይልቀቁኝ አሉ፤ አለቅም አልኩ። ዕድሜያቸውን፣ ጉልበታቸውን አየሁ፤ ከበሩ እስከ ባሕር ዛፉ ያለውን ርቀትም አሰብኩ። የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ላም የሚፈራ ሰው።

"እኔ እሄዳለሁ" አልኩ።

አማቴ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ያን ያህል ቀጥ ብለው አይተውኝ አያውቁም። ከዚያ ነጠላቸውን አወለቁና ራሴን፣ አንገቴን፣ ፊቴን ጠቀለሉኝ፤ ለዓይኔ ትንሽ ሳሳ ያለውን በኩል ተዉልኝ። ጎንበስ ብለው የሱሪዬን ጫፍ ካልሲዬ ውስጥ ከተቱ። ላስቲኩን ቀደው ትከሻዬ ላይ አለበሱኝና ወገቤ ላይ ቋጠሩት። ከኋላዋ እንዳልመጣ፣ በጎን በኩል እንድጠጋት፣ ገመዱን ከአንገቷ ሳይሆን ከዛፉ በኩል እንድቆርጥ፣ እንደቆረጥኩ እንድለቃት ነገሩኝ። ኪሴ ውስጥ የሽቦ መላጫ ቢላዬ ነበረች።

በሩ ተከፍቶ ከኋላዬ ተዘጋ። ሮጥኩ።

ስለዚያ ሩጫ ብዙ ማለት አልችልም። በነጠላው ውስጥ ሁሉ ነገር ነጭ ነው፤ ጆሮዬ ውስጥ ድምፁ ብቻ አለ። እጆቼ ስላልተሸፈኑ መጀመሪያ የተነደፉት እነሱ ናቸው፤ እሳት ውስጥ የገቡ ያህል ነው። ዳለቻ ዛፉን እየዞረች ትዘላለች፤ ገመዱ ግንዱ ላይ ተጠምጥሞ አሳጥሯታል። በጎን ጠጋሁ፤ በእግሯ የላስቲኩን ጫፍ ረገጠችው፤ ተቀደደ። ቢላዬን ገመዱ ላይ አድርጌ መገዝገዝ ጀመርኩ። ናይለን ነው፣ አይበጠስም። ወንድ ልጅ አይጮህም ይባል የለ፤ እኔ ጮህኩ። ገመዱ ሲበጠስ ላሟ ትከሻዬን ገፍታኝ አለፈች፤ የጓሮውን የቆርቆሮ አጥር ጥሳ ስትወጣ ሰማሁ። እኔ በጉልበቴ መሬት ላይ ነበርኩ። ስነሳ ነጠላው ተጣሞ ዓይኔን ሸፍኖታል፤ ባወልቀው ደግሞ ንቡ ፊቴ ላይ ነው። ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ። ወደ አንድ ወገን ሄጄ ከብሎኬት ክምር ጋር ተጋጨሁ። በእውነት የፈራሁት ያኔ ነው።

"ዘሪሁን!"

በዓመታት ውስጥ ስሜን ሲጠሩ የሰማሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

"ዘሪሁን! ኮቱ! ወደ ድምፄ ና! በግራህ ዙር!"

ኮቱ በኦሮምኛ ና ማለት ነው። ወደ ድምፁ ሄድኩ። እጅ እጄን ያዘኝ፤ ተጎትቼ ገባሁ፤ በሩ ተዘጋ። ነጠላውን ሲያወልቁልኝ ገባኝ፤ በሩን ከፍተው ደጅ ድረስ ወጥተው ነበር የጠሩኝ። ግንባራቸው ላይ ሁለት ቦታ ተነድፈዋል።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ፊት ለፊቴ ተቀመጡና የንቦቹን መንደፊያ አንድ በአንድ በጥፍራቸው እየጠረጉ ያወጡ ጀመር፤ ከእጄ፣ ከአንገቴ፣ ከጆሮዬ ሥር። መጭመቅ መርዙን ያስገባዋል አሉኝ። ይሄኔ ፊቴ ማበጥ ጀምሮ ነበር። አንዱ ዓይኔ ተዘጋ፤ የላይኛው ከንፈሬ ወደ አፍንጫዬ ወጣ። አማቴ ጥቂት ታገሉ፤ ከዚያ አልቻሉም። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ልስቅ ስሞክር ከንፈሬ እምቢ አለኝ፤ ይህ ደግሞ የባሰ አሳቃቸው።

በሥራዬ ሊፍት ውስጥ የተዘጋባቸውን ብዙ ሰዎች አውጥቻለሁ። እንግዳ የነበሩ ሰዎች ሲወጡ እየተጫወቱ፣ አንዳንዴም ስልክ እየተለዋወጡ አይቼ ይገርመኝ ነበር። ያን ቀን ለምን እንደሆነ ገባኝ። የሚሄዱበት ቦታ ከሌለ ሰው መናገሩ አይቀርም። አማቴ ሳቃቸው ሲበርድ፣ እጄን እንደያዙ፣ ባላሰብኩት መንገድ ጠየቁኝ።

"ያ ጓሮ የምትሠሩልኝ ቤት መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው?"

አሰብኩ። በንድፉ ላይ መስኮቱ የሚታየው ወደ አጥሩ ነው። እንደዚያው ነገርኳቸው።

"እንግዲህ ሰው አይታየኝም" አሉ።

ስለ ሽንት ቤቱ፣ ስለ ደረጃው፣ ሃዊ ስትጮህ እንዳትረብሻቸው ስለማሰባችን፣ ስለ ፀጥታው ላስረዳ ሞከርኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ፀጥታ ማን ለመነህ?" አሉኝ። "ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። እናንተ ስትመጡ ነው የተገላገልኩት። አሁን ደግሞ ወደ ጓሮ።"

ያን ክፍል በንድፉ ሳስገባ ያሰብኩት ክብር ነው፤ እሳቸው ያዩት ከቤት መውጣትን ነው። በሌንሴ በኩል ሲተላለፍ "ለብቻሽ ክፍል" የሚለው ቃል ደርሷል፤ ለምን እንደሆነ አልደረሰም። እሳቸውም ያዘኑበትን ለሌንሴ አልነገሯትም፤ ልጄን ከባሏ ጋር አላጣላም ብለው ነው። ይህን ሁሉ ቀስ እያልን ተነጋገርን። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር አወጡ። የአሮጌው ቤት መነካት አሳዝኗቸዋል ብዬ እንደነበር ስነግራቸው አጥብቀው ተቃወሙኝ።

"ለጭቃው አይደለም" አሉ። "እኔ ሙሽራ ሆኜ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ይህ ቤት ይጨልምብኛል። መስኮት አስፋልኝ እያልኩ ባለቤቴን ስለምነው ኖርኩ። 'አባቴ የሠራውን አልነካም' ይለኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። እናንተ ልታድሱት ስትነሱ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።"

ከኪሴ እርሳስ አወጣሁ። ያልተለሰነው ግድግዳ ላይ ቤቱን እንዳለ ሳልኩላቸውና እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ያደርጉታል አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ቀጥሎ ጣታቸውን እያስኬዱ ያሳዩኝ ጀመር። የሳቸው ክፍል ከፊት፣ ከበረንዳው ጎን ይሁን። ሰፊ መስኮት ወደ መንገዱ ይከፈት፤ ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄደውን፣ ከገበያ የሚመለሰውን ሰላም ማለት ይፈልጋሉ። ማዕድ ቤቱና ሳሎኑ መካከል በር አያስፈልግም፤ ወጥ የሚሠራው ሰው ከጨዋታ ለምን ይጎድላል አሉ። በረንዳውና የተፈለፈለው እንጨት ግን እንዳይነኩ፤ እሱ ያምራል። ስለ መታጠቢያ ቤቱም ዙሪያውን አየት አየት አደረጉና ይህንስ ተዉት፣ ዛሬ ጠቅሞናል አሉ። በመጨረሻ ጣታቸውን ከጣሪያው በላይ አነሱ። እዚህ ላይ አንድ ክፍል ቢጨመር የገፈርሳ ግድብ ውሃ ይታያል አሉ። ደረጃው ለእርስዎ አይሆንም አልኳቸው።

"ሥራህ ሊፍት አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ውጭ ያለው ድምፅ እየሳሳ ሄደ። ሐጂ ከድር ደወሉ፤ ከዘመዳቸውና ከጥቂት የሰፈር ሰዎች ጋር እየገቡ ነው። የኩበት ጭስ ሸተተን። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት ሌንሴ ነበረች። ፊቴን አይታ ጮኸች፤ ከዚያ እናቷ ወለል ላይ ተቀምጠው ግድግዳው ላይ በእርሳስ ሲያሰምሩ አይታ በሩ ላይ ቆመች። ሌንሴን እንደዚያ ቃል አጥታ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ፤ መርፌ ተወግቼ ጥቂት አቆይተው ሲለቁኝ ሁለተኛው ዓይኔም ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ስመለስ ንቦቹ በጭስ ተረጋግተው ወደ ቀፎ እየገቡ ነበር። ማሩ በሰፌድ፣ በድስት፣ በሳፋ ተሞልቷል፤ ሠራተኞቹም ከመጋዘኑ ወጥተው ግቢው የበዓል ግቢ መስሏል። ዳለቻ ደህና ናት። የተገኘችው ሐጂ ከድር መጋዘን ውስጥ ነው፤ ተስፋዬና ጓደኞቹ ሲደበቁ ክፍት በተዉት የኋላ በር ገብታ ፉርሽካ ከረጢት ውስጥ አፏን ከታ ነበር። ሐጂ አልተቆጡም፤ ከማሩ የተላከላቸውን ሰሐን አይተው "ዛሬማ እንግዳዬ ናት" አሉ።

አማቴ ከሰፌዱ ላይ አንድ የማር እንጀራ ቆረሱ። እኔ እንደ ልማዴ ከፊታቸው ገለል ልል ተነሳሁ። እሳቸው ግን ሰው ሁሉ እያየ፣ ያበጠውን ከንፈሬን እንዳያሳምመኝ ቀስ ብለው አጎረሱኝ። አንዲት የጎረቤት አሮጊት በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሌንሴ ልትተረጉምልኝ ስትል አማቴ ቀደሟት። "አማች ነው ወይስ ልጅ ነው እያለችኝ ነው" አሉኝ። የመለሱላቸውን ግን አልተረጎሙልኝም።

ያ ካለፈ ቆይቷል። ንድፉ ግድግዳው ላይ እንደተሳለው ተቀየረ። ጓሮ ሊሠራ የነበረው ክፍል ቀረ። አማቴ ዛሬ ከፊት፣ ሰፊ መስኮታቸው ሥር ይቀመጣሉ፤ "አካም ጅርቱ" ብሎ ደህንነታቸውን ሳይጠይቅ የሚያልፍ መንገደኛ የለም። እኛ በስልክ የምናነበውን የሰፈር ወሬ እሳቸው ከኛ ቀድመው ያውቁታል። ያ በእርሳስ የሳልነው ሥዕል አሁን ከመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ሥር አለ፤ ተስፋዬ ሊለስነው ሲል መጀመሪያ በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ።

ያ ቀን ምን ለወጠብህ ብትሉኝ ቤቱን ብቻ አልላችሁም። እኔ ዝምታን መስማማት፣ አንቱታን መዋደድ አድርጌ የምቆጥር ሰው ነበርኩ። ቤታችን ሰላም ነው እል ነበር፤ ሰላሙ ግን አንድ ጣሪያ ሥር ሆኖ ላለመገናኘት የተደረገ ጥንቃቄ ነበር። ወጉን አልነቅፍም፤ ዛሬም አማቴን አንቱ እላለሁ፣ ዛሬም ስማቸውን አልጠራም። ግን ሰውን አክብሬ ስለሱ ከመወሰን፣ አክብሬ እሱን መጠየቅ እንደሚሻል አውቄያለሁ። ከናንተም መሐል የእናት የአባቱን ቤት ሊያድስ፣ ሊያሰፋ የተነሳ ካለ፣ ከመሐንዲሱ በፊት እቤት ያለውን ሰው አነጋግሩ። መስኮቱ ወዴት እንዲያይ እንደሚፈልግ ጠይቁት። መልሱ ሊያስገርማችሁ ይችላል።

አሁን ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ሊነካ ሲታሰብ ሃዊ ሳትቀር ሁላችንም ሳሎን ተቀምጠን እንነጋገራለን። አብዛኛውን ጊዜ አንስማማም፤ ግን ጮክ ብለን፣ ፊት ለፊት ነው የማንስማማው። የሰሞኑ ክርክር ስለ በረንዳው ቀለም ነው። አማቴ አረንጓዴ ይላሉ፣ ሌንሴ ነጭ ትላለች፣ ሃዊ ሮዝ ካልሆነ ትላለች፤ እኔ እንጨቱ እንዳለ ቫርኒሽ ይቀባ ባይ ነኝ። በረንዳው እስከ ዛሬ አልተቀባም።